ወፌ ቆመች የሚባልበት ቀን

ባለፈው እሑድ በልደታ ክፍለ ከተማ በአብነት ሠፈር ከሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት ለጥየቃ ገብተን ነበር። ቡናው ገና ሳይፈላ ጨዋታው ሁሉ ባንድ ሕፃን ላይ ወደቀ። ሕፃኑ 14 ወር ሞልቶታል፤ ይድኻል፥ ወንበር ይዞም ይቆማል፤ ነገር ግን እጁን ለቆ አልሄደም። እንግዶቹ የጎረቤት ልጅ በ11 ወሩ መሄዱን እያነሡ ስለ ተጫወቱ እናቲቱ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ወፌ ቆመች የምትልበት ቀን የራቀባት እናት ምን ያህል እንደምትሳቀቅ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚሁ ቤት በዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ የምትማር ልጅ አለች። ዘመዶቿ ትምህርቷ ኳስና ሩጫ ብቻ ይመስላቸው ነበር፤ እኛም ብንሆን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከዚህ የተሻለ አሳብ አልነበረንም። እርሷ ግን የሰው እንቅስቃሴ ከልደት እስከ እርጅና እንዴት እንደሚያድግና እንደሚለወጥ የሚመረምር ራሱን የቻለ ትምህርት እንዳላቸው ነገረችንና ደብተሯን አምጥታ ታስረዳን ጀመር።

የዓለም የጤና ድርጅት በጋና፥ በሕንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን አስጠንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቷል። በዚያም መሠረት ሕፃን ብቻውን የሚራመደው ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከመቶ አራት የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበት ሳይድኹ ነው የተራመዱት። ይህን ስትሰማ እናቲቱ ቀና አለች።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀን ሌላ ነው። አራስ ልጅን ብብቱን ይዘው ቢያቆሙት እግሩን እንደሚራመድ ሰው ያነሣል፤ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ግን ይተወዋል። የቀድሞ ሊቃውንት ይህ የሚሆነው አንጎል ሲበስል ነው ይሉ ነበር። ኤስተር ቴለን የምትባል አሜሪካዊት ከባልደረቦቿ ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ሕፃናቱን እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ብታቆማቸው እግራቸውን ከቀድሞው አብልጠው አነሡ፤ በእግራቸው ላይ ክብደት ብታስርባቸው ደግሞ ቀነሰ። ለካ እግሩ የወፈረው ጡንቻው ሳይጠነክር ኖሯል! እንግዲህ መራመድ አንጎል ብቻውን የሚያዝዘው ሳይሆን ክብደት፥ ጉልበትና የሚረገጠው መሬት ሁሉ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ሠራተኛና ሞግዚት በበዛበት ቤት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚውል ልጅ ይህን ሥራ በምን ጊዜ ይለማመደው?

በዚህ መካከል አያቲቱ፥ «ልጄ፥ እኛስ ምች እንዳይመታው ብለን ከቤት አላወጣነውም» አሉ። ተማሪዪቱ ሣቋን ትታ የሕፃኑን የእጅ አንጓና እግሮቹን ትዳስስ ጀመር። ቆዳ የፀሐይ ብርሃን ካላገኘ ቫይታሚን ዲ የሚባለው ያንሳል፤ አጥንት ይለሰልሳል፥ እግር ይጎብጣል፥ መራመድም ይዘገያል። በሽታው ሪኬትስ ይባላል። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን በምንልበት አገር ይህ መኖሩ ያሳፍራል።

ጉዳቱም በእግር ብቻ አይቀርም። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድሽ የሕፃናት ሆስፒታል ተደርጎ በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የሳምባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ሲገኝባቸው፥ ሳምባ ምች ከሌለባቸው 500 ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባው ብርሃንም ለዚህ አይጠቅምም፤ ልጁ ራሱ ደጅ መውጣት አለበት።

ተማሪዪቱ፥ «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገ ጤና ጣቢያ ይታይ። 18 ወር ሞልቶት ያልተራመደ ልጅም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት» አለች። እናቲቱም ሰኞ ጧት ልትወስደው ቆረጠች። እኛ ተሰናብተን ስንወጣ አያቲቱ ሰሌኑን አንሥተው ከግቢው በር አጠገብ ፀሐይ ባለበት ሲያነጥፉ አየናቸው።