«ያልተነካካ» ማለቱን እንተው

ያገለገለ ዕቃ ስንሸጥ የምንወዳት አንዲት ቃል አለች፦ «ያልተነካካ»። ቴሌቪዥንም ይሁን ስልክ፣ «ማንም አልፈታውም» ካልን ዋጋው ከፍ ይላል። እኔም ለዓመታት ስላት ኖሬያለሁ። ከፋብሪካ ተነቅለው የሚጣሉትን ትንንሽ ኮምፒውተሮች በተመለከተ ግን ይቺ ቃል ገዢን ትጎዳለች። እነሱ ሳይፈቱ መሸጥ የለባቸውም ባይ ነኝ።

ዕቃውን ላላያችሁ፣ መጠኑ እንደ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ማራገቢያ የለውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተሰነጣጠቀው የአሉሚኒየም ሽፋኑ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲቆጣጠር ይኖራል፤ ማሽኑ ሲቀየር እሱም አብሮ ይወጣና በርካሽ ይሸጣል። ብዙዎቹ ከ9 እስከ 36 ቮልት ስለሚቀበሉ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ይሠራሉ። ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የማናገኘው ባለ ዘጠኝ እግሩ የድሮ መሰኪያም አላቸው፤ የቆዩ ሚዛኖችና የደረሰኝ ማተሚያዎች የሚሰኩት እዚያ ላይ ነው። ለሞያሌ አቧራና ለሞያሌ መብራት የታሰበ ዕቃ ይመስላል።

ባለፈው ዓመት ከናይሮቢ ስድስት አመጣሁ። አንዱን የገዛችኝ እህል የምትነግድ ደንበኛዬ ናት። «እህቴ፣ ሰው አልነካውም አይደል?» አለችኝ። «ማንም አልነካውም» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ልጇ «ደብተሩ ይብቃሽ» ብሎ አዲሱን ዱቤ ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፍላት ጀመር። በባትሪ ስለሚሠራ ሌሊትም አያጠፉትም። ስምንት ቀን እንዲህ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን መብራት ጠፋ፣ ባትሪውም ደከመ። መብራቱ ሲመጣ ሣጥኑ ምንም እንዳልሆነ ተከፈተ፤ የስምንት ቀኑ ዱቤ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተገኘም።

ዕቃው አልተበላሸም፤ የተሠራው እንዲህ እንዲያደርግ ነው። በእነዚህ ሣጥኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዊንዶውስ ኢምቤድድ የሚባለው ዓይነት የጽሑፍ ማገጃ አለው። ማገጃው ከበራ የምትጽፉት ሁሉ ጊዜያዊው ማስታወሻ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ ዲስኩ አይነካም። ለፋብሪካ ይህ ጥሩ ነው፤ መብራት በድንገት ቢቋረጥም ማሽኑ ሲነሳ እንደ መጀመሪያ ቀኑ ሆኖ ይነሳል። ለዱቤ መዝገብ ግን መርዝ ነው። «ያልተነካካ» ያልኩላት ዕቃ የጎዳት ስላልተነካካ ነው።

ገንዘቧን መለስኩላት። ቆጥራ ተቀበለችኝና «የሰዎቹንስ ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አብዛኞቹ ደንበኞቿ ራሳቸው መጥተው ከፈሉ። ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ «መቼ ወሰድኩ?» ይላሉ። በኮሜርስ ዲፕሎማዬ የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ይህን ኪሳራ የት መዝገብ ላይ እንደሚያስገባው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አምስቱን አንድ ልጅ ጋ ወሰድኳቸው። «እትዬ፣ ይሄ ሳይፈታ ዕቃ አይባልም» አለኝ። የድሮውን የማስታወሻ ካርድ አውጥቶ ኤስኤስዲ አስገባ፣ ሊኑክስ ጫነ፣ ራም የሚጨመርበት ቦታ ላላቸው ጨመረ። ሰዓቱን የምትይዘውን ክብ ባትሪም ቀየረ፤ እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ደረሰኙ የማይሆን ቀን ይዞ ይወጣል። የነበረባቸው ዊንዶውስ ኢምቤድድ 7 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ በአውሮፓ አቆጣጠር 2020 ላይ ያበቃ ነው፤ በእሱ ቦታ ሊኑክስ መግባቱ አላሳዘነኝም።

«የተፈታ ዕቃ ማን ይገዛል? ሲፈታ ራሙ ይሰረቃል» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ስንቱ ዕቃ ሆዱ ባዶ ሆኖ ተሸጦልናል። ስለዚህ እኔ አሁን ክዳኑ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፦ ምን ወጣ፣ ምን ገባ፣ መቼ፣ ማን ፈታው፣ ከስሩም ስልኬ። ገዢው ፊትም ክዳኑን ከፍቼ አሳያለሁ። ባዶውን ሣጥን «ያልተነካካ» ብሎ መሸጥ ቀላል ነው፤ ወረቀት የተለጠፈበትን ማጭበርበር ይከብዳል።

ከሌላ ሰው የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ስማችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡበት። የኃይል ገመዱን ነቅላችሁ መልሱና ስማችሁን ፈልጉት። ካላገኛችሁት ማገጃው በርቷል ማለት ነው። ሻጩ በዚህ ከተቆጣ እዚያው ተዉለት።

ደንበኛዬ ከአምስቱ አንዱን መልሳ ገዝታኛለች፤ ደብተሯን ግን አልጣለችም፣ እኔም ጣይ አላልኳትም።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሣጥኖቹ ብዙ ጊዜ የሚመጡት በብሎን የምትጠብቀው አረንጓዴዋ የኃይል መሰኪያ ጠፍታባቸው ነው። ያለ እሷ ሽቦ በእጅ ስናስር ፕላስና ማይነሱ ተገለባብጦ አንድ ቦርድ ተቃጥሎብኛል። ከናይሮቢ ይህችን መሰኪያ በብዛት የምታመጡ ካላችሁ ዋጋችሁን ጻፉልኝ፤ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ቀዳዳ ሁለቱንም እፈልጋለሁ።