መግፋት መፍትሔ አይደለም

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ባለመኪናዎች፤

ዛሬ በመጀመሪያው ቁልፍ የሚነሣ፣ ነገ ደግሞ «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል አሮጌ ቮልስ በሰፈራችን ጥቂት አይደለም። ባለቤቱ የጎረቤት ልጆች ጠርቶ ያስገፋል፤ ሲነሣለት ነገሩን ይረሳዋል። ይህ ልማድ ቢቀር እላለሁ።

ብዙዎቻችን በግምት አዲስ ባትሪ እንገዛለን፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። አንዴ እሺ፣ አንዴ እምቢ የሚል መኪና ብዙውን ጊዜ የላላ ወይም የዛገ ማያያዣ አለበት። ምርመራው እምቢ ባለበት ሰዓት ይሁን። ማርሽ አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ መብራት አብርቶ ቁልፍ ማዞር ነው። መብራቱ ድርግም ካለ ባትሪውንና ጫፎቹን እንይ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ዝገቱ አይታይም። መብራቱ ሳይደክም «ቀጭ» ብቻ ካለ ሞተሪኖውን፣ ወደ እሱ የሚሄደውን ሽቦ፣ ከካምቢዮ ወደ ሻንሲ የታሰረውንም ማሳ እንፈትሽ። ሞተሩ እየዞረ ካልተነሣ ግን ነገሩ ካንዴላ ወይም ቤንዚን ጋ ነው።

በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትጠራን ቁልቁለት ፍለጋ መሯሯጥ ያሳፍራል። ልጆቻችንም ከጎማ ፊት ይራቁ።

ከአንድ የሰፈሩ ነዋሪ