መሰናክል ለሴት ልጅ አይከለከልም

የሐይቅ ከተማና የአምባሰል ልጅ መሰናክል መዝለልን የሚጀምረው ከስፖርት መምህር ተምሮ አይደለም። ቦይ ሲሻገር፣ የድንጋይ ካብ ሲዘል፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ሲወርድ ነው። በዚህ ዕድሜ ወንዱም ሴቷም እኩል ይዘላሉ። ዳሩ ግን ልጅቷ ከፍ ስትል «ሴት ልጅ አትዘልም» ተብላ የምትገታበት ቤት ጥቂት አይደለም። በዛሬው አምዳችን ስለ መሰናክል ስፖርት የምናነሣውም ስለዚሁ ነው።

በአትሌቲክስ የመሰናክል ሩጫ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው የአጭር ርቀት ነው። ወንዶች 110፣ ሴቶች 100 ሜትር ሲሮጡ፣ 400 ሜትር ደግሞ የሁለቱም ነው። በእያንዳንዱ ውድድር 10 መሰናክሎች አሉ። የሴቶቹ ቁመት በ100 ሜትር 83.8፣ በ400 ሜትር 76.2 ሳንቲ ሜትር ነው። መሰናክሉ ሲመታ ይወድቃል።

ሁለተኛው የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነው። ሯጩ 28 ጊዜ ደረቁን መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያለበትን ይሻገራል። ይህ መሰናክል ከባድ ስለሆነ ቢመታም አይወድቅም፤ ስለዚህ በላዩ ረግጦ ማለፍ ይፈቀዳል። የውሃው ጉድጓድ ከመሰናክሉ ሥር ጠልቆ ወደ ፊት እየሳሳ ይሄዳል። አርቆ የዘለለ ጥልቅ ካልሆነው ውሃ ላይ ያርፋል፤ ጉልበትም ይቆጥባል።

ይህ ሩጫ የመነጨው በአየርላንድና በእንግሊዝ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወደ ሌላው አጥርና ወንዝ እየዘለሉ በፈረስ ይደረግ ከነበረው እሽቅድምድም ነው። የፈረስ መሰናክል ዝላይ ዛሬም ራሱን የቻለ ስፖርት ነው።

ለአገራችን እሸቱ ቱራ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል የነሐስ ሜዳልያ አስገኘ። ለሜቻ ግርማም በ2015 ዓ.ም. በፓሪስ 7 ደቂቃ ከ52.11 ሴኮንድ በመግባት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ሴቶቹስ? እሸቱ ሜዳልያ ባገኘበት ኦሊምፒክ ለሴቶች ይህ ውድድር ጨርሶ አልነበረም። በዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. በሄልሲንኪ፣ በኦሊምፒክ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ነው። በሚቀጥለው ኦሊምፒክ፣ በ2004 ዓ.ም. በለንደን፣ ሶፊያ አሰፋ ሦስተኛ ሆና ገባች። አሸናፊዋ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ ሲሰረዝ የሶፊያ ሜዳልያ ወደ ብር ከፍ አለ። እንግዲህ የሴቶች እግር አልሰነፈም፤ የዘገየው በሩ ነው።

እናቶች በቤት ሆነው ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። ለልምምድ ድንጋይና ብረት አያስፈልግም፤ ሲነካ በቀላሉ የሚወድቅ ቀጭን ዘንግ ከጉልበት በታች ማድረግ ይበቃል። ቦታው ሣር ያለበት ወይም ለስላሳ መሬት ይሁን። ልጅቷ አስቀድማ ሰውነቷን ታሟሙቅ፤ በጠገበች ሰዓት አትዝለል። ጤንነት እስከ ተሰማት ድረስ የወር አበባ ከስፖርት የሚያስቀር ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ያስፈልጋታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ መቅዳቱ፣ ዕቃ ማጠቡና ሕፃን ማዘሉ በእርሷ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ የቱም መሰናክል ከዚህ አይከብድም። ወንድሟ ከሥራው ድርሻውን ይውሰድ፤ አባትም ይህንን በቤቱ ያስለምድ። ያን ጊዜ ልጅቷ የምትዘለው በሜዳ ያለውን መሰናክል ብቻ ይሆናል።