ዲግሪው ወደ መቻራ ይምጣ

በምዕራብ ሐረርጌ የመቻራ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ መምህር ማስተርስ ሊማር ሲነሳ፣ ክረምት ሲገባ ሻንጣውን ይዞ በገለምሶና በበዴሳ በኩል 110 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጭሮ ይደርሳል። የሚማረው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ሂርናን፣ ቆቦንና ቁልቢን አልፎ መንገዱ በጠቅላላ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሐምሌንና ነሐሴን ሌክቸር ሲሰማ፣ ሞጁል ሲያነብና ሲፈተን ይከርምና መስከረም ሲጠባ ወደዚያው ክፍሉ ይመለሳል። ጥቂት ክረምቶች እንዲህ ካለፉ በኋላ ቲሲሱን ያስረክባል፤ ደመወዙ ይስተካከልለታል፤ ማስረጃው ከግል ማህደሩ ጋር ይያያዛል። ከአስተማሪዎቹ አንዱም እንኳ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ሳያየው ሊመረቅ ይችላል።

ጥፋቱ የመምህሩ አይደለም። በመምህር ደመወዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የተከፈተለትን አንድ በር ቢያንኳኳ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የሚወቀሰው በሩን እንዲህ አድርጎ የሠራው እምነት ነው። መምህር የሚበረታው ዲግሪ በዲግሪ ላይ ሲደርብ ነው፣ ዲግሪውም የሚገኘው ከትምህርት ቤት ርቆ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ በመቀመጥ ነው የሚለው እምነት ሥርዓቱን ከላይ እስከ ታች ይዞታል። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል መምህርነት ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቅ መስፈርት ወጥቷል። ርዕሰ መምህርና ሱፐርቫይዘር ለመሆንም የትምህርት አመራር ማስተርስ ይፈለጋል። ስለዚህ ብዙ ጎበዝ መምህራን ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩት ከጥቁር ሰሌዳው ለመራቅ ነው። በደረጃ እድገቱ ከጀማሪ እስከ መሪ መምህር ለመውጣት የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይጠየቃል፤ ውጤቱ ግን በአብዛኛው ቅጽ ላይ የሚሞላ ቁጥር ነው።

የመቻራ ክፍል ምን ይጠይቃል? በኦሮሚያ ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። መምህሩ የኒውተንን ሕግ ከማስረዳቱ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ማስረዳት አለበት። የትኛውን ጽንሰ ሐሳብ በአፋን ኦሮሞ ከፍቶ መቼ ወደ እንግሊዝኛ እንደሚሻገር፣ ተማሪው የፈተናውን ጥያቄ ሳይረዳው የቀረው በቋንቋው ይሁን በትምህርቱ እንዴት እንደሚለይ ማወቅ ይኖርበታል። መስፈርቱ ለሁለተኛ ደረጃ ክፍል 40 ተማሪ ይላል፤ ክፍሉ ከዚያ በላይ ሲጨናነቅም ይህንኑ ሥራ መሥራት ይጠበቅበታል። ቡና ሲለቀም፣ ጫት ለገበያ ሲቆረጥ መቅረት ይበዛል፤ የቀረው ተማሪ ሲመለስ ከየት እንደሚጀመርለትም ማሰብ ያስፈልጋል። እነዚህ ጥያቄዎች የሚፈቱት ክፍሉ ውስጥ፣ ልምድ ያለው ሰው ከጎን ሆኖ እያየ ነው። ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሞጁል ሊፈታቸው አይችልም።

ሀገሪቱ ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ያዘዘውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ጀመረ። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር፤ ያ ዓመት ካልተሟላ ዲግሪው አይሰጥም ነበር። በ1995 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ደግሞ ፕራክቲከምን የሥልጠናው አካል አድርጎ እጩ መምህራንን ገና ከጅምሩ ወደ ትምህርት ቤት ላከ። አፈጻጸሙ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ መነሻ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። በ2003 ዓ.ም. የመጣው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ (ፒጂዲቲ) ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ወጣቱ መጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ ይመረቃል፣ የማስተማር ሙያ ኋላ ይጨመርለታል። ብዙዎች ፒጂዲቲ የገቡት ሌላ ሥራ በማጣት መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። አንዳንዱም ያለ ሥልጠና ተቀጥሮ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ሙያውን በክረምት እንዲማር ተደርጓል፤ በዚህ መሐል ያስተማራቸው ልጆች መለማመጃ ሆኑ ማለት ነው።

የሕክምና ትምህርት እንዲህ አይፈቅድም። ሐኪም የሚሆን ተማሪ በኢንተርንነት ሆስፒታል ውስጥ፣ በነባር ሐኪሞች ዓይን ሥር ሳይሠራ ዶክተር አይባልም። ለመምህርነት ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ይበቃል ብሎ የወሰነ ማን ነው?

የማስተርስ ደጋፊዎች ፊንላንድን መጥቀስ ይወዳሉ። እውነት ነው፤ እዚያ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ መምህር ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። ነገር ግን የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የመለማመጃ ትምህርት ቤቶች አሏቸው፤ እጩው እዚያ በነባር መምህር ክትትል ያስተምራል፣ ይታረማል፣ እንደገና ያስተምራል። ከፊንላንድ የተወሰደው የዲግሪው ስም ነው፤ ትምህርት ቤቱ እዚያው ቀርቷል። በአሜሪካ ዳን ጎልድሃበርና ዶሚኒክ ብሪወር በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የመምህሩ ሁለተኛ ዲግሪ በጥቅሉ የተማሪውን ውጤት ከፍ ሲያደርግ አልታየም፤ ለውጥ የታየው የሒሳብ መምህር ዲግሪውን በራሱ በሒሳብ ሲይዝ ነው። የሰሜን ካሮላይና ግዛት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለማስተርስ የሚከፈለውን ጭማሪ ለአዳዲስ መምህራን እስከማቆም ደረሰች። ያ መንገድ ለኢትዮጵያ አይበጅም፤ ከመምህር ኪስ መቀነስ የተሻለ መምህር አያመጣም። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቦስተን የሚሠራበት ዘዴ ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ እጩው ዓመቱን ሙሉ በነባር መምህር ክፍል ውስጥ እየሠራ ማስተርሱንም የማስተማር ፈቃዱንም ከዚያው ሥራ ያገኛል።

ማስተርሱ ወደ ትምህርት ቤት ይውረድ በሚለው ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው የትምህርት ዓይነት እውቀት ነው፤ ሒሳቡን በቅጡ ያልያዘ መምህር ክፍል ውስጥ ቢከርምም ሒሳብ አይጨምርም። ይህ ትክክል ነው። የሒሳቡ፣ የኬሚስትሪውና የእንግሊዝኛው ኮርስ በክረምት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይቀጥል፤ ወደ ትምህርት ቤት መውረድ ያለበት የማስተማር ዘዴው፣ የምዘናውና የጥናት ሥራው ነው። ሁለተኛው፣ በትንሽ ከተማ አሠልጣኝ አይገኝም የሚል ነው። ነገር ግን በሥርዓቱ መሠረት አዲስ መምህር ሁለት ዓመት በአማካሪ እንዲታገዝ፣ እያንዳንዱ መምህርም በዓመት 60 ሰዓት በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲሳተፍ ከተደነገገ ቆይቷል። አማካሪ እንዲሆኑ የታሰቡት ነባር መምህራን በየትምህርት ቤቱ አሉ። የጎደላቸው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተሸክመው የሌላውን ክፍል ሊመለከቱ አይችሉም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፖርትፎሊዮ መሙያ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛው ከባድ ነው። በክፍል ምልከታ ማስተርስ ከተሰጠ ትውውቅና ይሉኝታ ውጤቱን ያበላሹታል ይባላል። ስጋቱ መሠረት አለው። መልሱ ግን ምዘናውን ለአንድ ሰው አለመተው ነው፤ አማካሪው ያስተምር፣ ከሌላ ከተማ የመጣ መምህርና የዩኒቨርሲቲው ተወካይ አብረው ይመዝኑ፣ የተቀረጸ ትምህርትና የተማሪዎች የሥራ ደብተር በማስረጃነት ይቅረብ። ለነገሩ ገንዘብ ተከፍሎበት በሌላ ሰው እጅ ከሚጻፍ ቲሲስ ይልቅ አርባ ተማሪ ፊት የሚሰጥን ትምህርት ማስመሰል እጅግ ይከብዳል።

ነገሩ አጣዳፊ የሆነው የተማሪዎቹ ሁኔታ ስለማይጠብቅ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ቁጥሩ 8.4 ከመቶ ደርሷል። መሻሻል አለ፣ ግን ከአስር ተፈታኝ ዘጠኙ ዛሬም ከግማሽ በታች ነው። በእነዚያው ዓመታት የተሰጠው ምላሽ በአመዛኙ የተለመደው ነው። መምህራን በክረምት በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው ይሠለጥናሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይበተናሉ።

ምዕራብ ሐረርጌ ሌላ መንገድ ለመጀመር የሚያስፈልገው በእጁ አለ። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ጭሮ ላይ ነው፤ መቻራ፣ ገለምሶ፣ በዴሳና ሂርናም በአንድ ቀን ተደርሶ የሚመለስባቸው ከተሞች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ከዞኑ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ተስማምቶ ከእያንዳንዱ ከተማ ጥቂት መምህራንን ይቀበል። ከማስተርሱ ክሬዲት ግማሹ በራሳቸው ክፍል በሚሠሩትና በሚታይ ሥራ ይያዝ። ቲሲሳቸው ከ8ኛ ወደ 9ኛ ክፍል በሚደረገው የቋንቋ ሽግግር ላይ ይሁን። የአማካሪዎቹ ክፍለ ጊዜ ይቀነስ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን የትራንስፖርትና የውሎ አበልም በበጀት ይያዝ። ከክልሉ የሚጠበቀው ይህ ዲግሪ ለደመወዝና ለደረጃ እድገት ከሌላው ማስተርስ እኩል እንዲቆጠር መፍቀድ ነው፤ ያለዚያ ማንም አይገባበትም። ከሦስት ዓመት በኋላ ዞኑ በዚህ መንገድ የተማሩትንና በክረምት ብቻ የተማሩትን መምህራን ተማሪዎች ውጤት ጎን ለጎን አቅርቦ ለወላጆች ይፋ ያድርግ።