የንባብ መዝገብ ስለ መያዝ

ነጋዴ ገቢና ወጪውን፣ የመንግሥት ሠራተኛም የገባውንና የወጣውን ደብዳቤ በመዝገብ ይጽፋል። ያነበበውን መጽሐፍ የሚመዘግብ ሰው ግን ጥቂት ነው። የንባብ መዝገብ ጥቅሙ መጻሕፍትን ጎን ለጎን አቁሞ ለመመርመር ነው እንጂ ብዙ አነበብሁ ብሎ ለመመጻደቅ አይደለም።

በቅርቡ በመዝገቤ የሰፈሩት ሁለት ልብ ወለዶች ለዚህ ምስክር ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ሮም በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ ዋህድ ከቤቱ የሚወጣው አባቱን ከምርኮ ያስለቀቀውን ነጋዴ ውለታ ለመክፈል ነው። አባ ገብረ ኢየሱስ ኃይሉ በ1927 በትግርኛ ጽፈውት በ1950 አስመራ በታተመው ‹‹ሓደ ዛንታ›› ደግሞ፣ ባለታሪኩ ወጣት ለኢጣልያ ሊዋጋ ወደ ሊቢያ ይዘምታል፤ ሲመለስም እናቱን በሕይወት አያገኛትም። አንዱ የራሱን ዕዳ ሊከፍል፣ ሌላው የባዕድን ጦርነት ሊዋጋ ከቤቱ ወጣ። ለየብቻ ቢነበቡ ይህ ልዩነት እንዲህ ባልጎላ ነበር።

መዝገብ ያልተነበበውንም ያሳያል። በአማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው መዝገቡን ቢገልጥ የጎረቤቱን ቋንቋ ዓምድ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ጎረቤት ስለ ራሱ የጻፈውን ሳያነቡ በጎረቤት ላይ መፍረድ፣ ደረሰኝ ሳያዩ ሒሳብ እንደ መዝጋት ነው። ዓምዱን መሙላት የአንባቢ፣ መንገዱን መጥረግ ግን የእኛ የተርጓሚዎች ተግባር ነው።