እንጨቱን ማን ይረብርበው?

መስከረም ተገባዶ ጥቅምት ሲጠባ እዚህ ኖርዌይ ያለን ሰዎች ሰላምታችን «ምድጃ ለኮሳችሁ?» ይሆናል። በአገር ቤት በዚህ ሰሞን ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ አበባው ሜዳውን ይሞላል። እዚህ ግን ቅጠሉ ይረግፋል፣ ቀኑ ያጥራል፤ ሰውም ጎተራውን እንደሚፈትሽ ገበሬ የእንጨት ክምሩን ዞሮ ያያል።

የዚህ አገር ሰዎች ስለ እንጨት የሚያወሩት እኛ ስለ ቡና የምናወራውን ያህል ነው። በርች የሚባለውን ነጭ ቅርፊት ያለውን ዛፍ ቆርጠው በጸደይ ይፈልጡታል፣ በበጋው ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ለምድጃ የሚሆነው እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ግድም ሲወርድ ነው። ሁለት ፍልጥ አንስታችሁ ብታጋጩ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድምፁ ይታፈናል። እርጥብ እንጨትም መንደዱ አይቀርም፤ ግን ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ያልቅና ለቤቱ የሚተርፈው ጭስና ጥላሸት ነው። ሲለኩሱም ወፍራሙን ከታች፣ ስንጥሩን ከላይ አድርገው ከላይ ይለኩሳሉ። ጭራሮ ከሥር አድርገን እፍ እያልን ላደግን ለእኛ ይህ የተገለበጠ ነገር ነው፤ ቢሆንም ጭሱ ይቀንሳል።

ይህን የማነሳው በዚሁ ወቅት የሚለኮስ ሌላ እሳት ስላለ ነው። አብያተ ክርስቲያናታችን ከበጋው ዕረፍት ተመልሰው ጉባኤ የሚጠሩበት ጊዜ ነው፤ በፖስተሩ ላይ ደግሞ «እሳት» የሚለው ቃል አይጠፋም። የእሳት ምሽት፣ የእሳት ኮንፈረንስ፣ እሳት ይውረድ። ነበልባሉ በኮምፒውተር ተሥሎ፣ የተጋባዡ አገልጋይ ፎቶ መሀል ላይ ተቀምጦ ታዩታላችሁ። ጉባኤን አልቃወምም፤ እኔም በብዙ ጉባኤዎች ተባርኬአለሁ። ግን በግልጽ ልናገር፦ እሳት መለመን ለምደናል፣ እንጨት መረብረብ ግን የማን ሥራ እንደሆነ የጠፋብን ይመስለኛል።

ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት የወረደለት ነቢይ ስለሆነ ለስብከታችን ይመቸናል። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18ን ቀስ ብላችሁ ብታነቡ ግን ጸሎቱ አጭር፣ ሥራው ረጅም ነው። የፈረሰውን መሠዊያ ጠገነ፣ 12 ድንጋዮች ወሰደ፣ ዙሪያውን ቆፈረ፣ እንጨቱን ረበረበ፣ ወይፈኑን ቆራረጠ። ከሰማይ የጠበቀው እሳቱን ብቻ ነው። እንጨት ይውረድ ብሎ አልጸለየም።

እሳቱ ከወረደ በኋላ ያለውን ደግሞ ዘሌዋውያን ይነግረናል። በምዕራፍ 9 እሳት ከጌታ ፊት ወጥቶ መሥዋዕቱን በላ፤ ሕዝቡም እልል ብሎ በግንባሩ ተደፋ። መሠዊያው ላይ እሳት እንዳይጠፋ የመጠበቁ ሥራ ግን አስቀድሞ በምዕራፍ 6 ለካህኑ ተሰጥቶ ነበር። ካህኑ ማለዳ ማለዳ እንጨት ይጨምራል። የሌሊቱን አመድም የበፍታ ልብሱን ለብሶ ያነሣል፤ ከዚያ ልብሱን ለውጦ ከሰፈር ውጭ ያወጣዋል። በክህነት ልብስ አመድ መዛቅ! ለዚህ አገልግሎት የተዘጋጀ ፖስተር እስካሁን አላየሁም።

ጥቂት አመድ ከታች መተው ፍሙን ያቆያል ይላሉ፤ እውነት ነው። ሲበዛ ግን አየር ይዘጋል። የብዙ አጥቢያዎቻችን ምድጃ እስከ አፉ ሞልቷል። አምና የሰማነውንና ዘንድሮም የምንደግመውን ምስክርነት አስቡ። ከሁለት ዓመት በፊት በመዘምራን መካከል ተነሥቶ «በጸሎት እንያዘው» ተብሎ የታለፈውን ጉዳይ አስቡ። የሒሳብ ሪፖርት ሳይቀርብ ያለፈውን ዓመትም አስቡ። ሽማግሌዎች ከጉባኤው በፊት አንድ ምሽት ተቀምጠው ይህን ቢዝቁ ከሦስት ቀን ፕሮግራም ይበልጣል ባይ ነኝ።

የወቅቱ የመጀመሪያ እሳት ሌላም ጠባይ አለው። በጋውን ሁሉ ሳይነካ የከረመ የጭስ ማውጫ ውስጡ ቀዝቃዛ አየር ይሞላዋል። ያ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይጫናል፣ ጭሱም መውጫ አጥቶ ወደ ቤት ይመለሳል። ልምድ የሌለው ሰው ምድጃውን ይረግማል። የሚያውቀው ግን አስቀድሞ አንድ ሁለት ገጽ ጋዜጣ አንድዶ ማውጫውን ያሞቀዋል፤ ከዚያ ጭሱ መንገዱን ያገኛል። ለብዙ ጊዜ ቃሉን ሳይከፍት የቆየ ወንድም ወደ ጸሎት ሲመለስ የሚገጥመው ይኸው ነው። አሳቡ ይበታተናል፣ እንቅልፉ ይመጣል፣ «እኔማ ጨርሶ ቀዝቅዣለሁ» ብሎ ይነሣል። ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወገኖችም በመጀመሪያው እሑድ ምንም ስላልተሰማችሁ ምንም የለም ብላችሁ አትደምድሙ። ጭሱ ስለ እንጨቱ ገና ምንም አልነገራችሁም። አንድ መዝሙረ ዳዊት አንብቡ፣ አምስት ደቂቃ ጸልዩ፤ ነገም እንዲሁ አድርጉ።

ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥6 የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ፍምን እንደገና ሕያው የማድረግ ስሜት አለው። ጢሞቴዎስን ሌላ እሳት ፈልግ አላለውም። እናቶቻችን ይህን ግሪክ ሳይማሩ ያውቁታል። ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍኑታል፤ ጠዋት ገልጠው ጭራሮ ጨምረው እፍ ይሉታል። ጠፍቶ ካደረ ጎረቤት ሄደው እሳት ይጭራሉ። መጥቶ ወዲያው የሚነሣ እንግዳ «እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?» የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በስደት አገር የእኛ መጠያየቅ እንደዚያ ሆኗል፤ ልዩነቱ እሳቱንም አለመጫራችን ነው። በር ላይ ቆመን፣ ኮት ሳናወልቅ፣ «እንጸልይልሃለን» ብለን እንሄዳለን።

ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የሚወቅሰው ይህንኑ ነው። ወንድሙ ታርዞና ተርቦ ሲያየው በእጁ ምንም ሳይሰጠው፣ እንዲሞቅና እንዲጠግብ መርቆት የሚያሰናብተውን ሰው። እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኖርዌይ የመብራት ዋጋ ታይቶ በማይታወቅ መጠን ሲንር ይህ ክፍል ለብዙዎቻችን ምሳሌ መሆኑ ቀረ። ማሞቂያ አጥፍተው፣ ልጆቻቸውን በጃኬት አስተኝተው እሑድ ጠዋት እጃቸውን አንሥተው የሚዘምሩ ሰዎች በመካከላችን ነበሩ፤ አይናገሩም፣ ይሉኝታችንን ታውቁታላችሁ። ሐዋርያት ሥራ 28 ላይ ጳውሎስ ከመርከብ አደጋ አምልጦ ማልታ ሲደርስ ዝናብና ብርድ ነበር፤ በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ ናቸው። እሳቱን ያነደዱት ጌታን የማያውቁ የደሴቲቱ ሰዎች ናቸው፤ ሐዋርያው ጭራሮ ይለቅም ነበር። የተጋባዥ አገልጋይ መስተንግዶን በተመለከተ ይህን ምዕራፍ ደጋግሜ አስባለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ፤ ይህ ምሳሌ አይደለም። ብርድ ሲመጣ በዝግ ቤት ውስጥ ለቡናም ሆነ ለሙቀት ከሰል የምታቀጣጥሉ እናቶችና እህቶች አላችሁ። እዚህ የሚሠሩት ቤቶች ነፋስ እንዳያስገቡ ሆነው የታሸጉ ናቸው። ከሰል ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተለመደው የጭስ ማስጠንቀቂያም አይለየውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና እርዳታ ጥሩ። በአገር ቤትም በክረምት ሌሊት ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ አሉ። ሞቋቸው ነበር።

ከዚህ የተነሣ «በጉባኤው እንዴት ሞቀን!» ሲባል ስሰማ ምን እንደነደደ መጠየቅ እወዳለሁ። በኤርምያስ 36 ንጉሡ ኢዮአቄም በዘጠነኛው ወር፣ ወደ እኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ግድም፣ በብርድ ወራት ቤቱ ምድጃው ፊት ተቀምጦ ነበር። የእግዚአብሔር ቃል የተጻፈበት ጥቅልል ሲነበብለት በካራ እየቆረጠ ወደ እሳቱ ጣለው። ያ ክፍል ሞቅ ያለ ነበር። ቃሉ ሳይከፈት ሦስት ሰዓት የሚሞቅ መድረክ ሳይ የሚታወሰኝ እርሱ ነው።

ጴጥሮስም በዮሐንስ 18 በሊቀ ካህናቱ ግቢ የከሰል እሳት ሲሞቅ እናገኘዋለን። ዮሐንስ ምክንያቱን ጽፎታል፤ ብርድ ነበረ። የበረደው ሰው እሳት ወዳለበት ይሄዳል፤ ያነደደው ማን እንደሆነ አይመርጥም። በዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ወዴት ሄዱ ብለን ስንነጋገር ዓለምን፣ ስልኩን፣ ትምህርት ቤቱን እንከሳለን። የሄዱበት ቦታ ስማቸውን የሚጠራ፣ በሚገባቸው ቋንቋ የሚያናግራቸው ሰው አግኝተው እንደሆነስ?

የከሰል ፍም የሚለው የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን የሚገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ በዚያ ግቢ፣ ሌላው በዮሐንስ 21 በጥብርያዶስ ባሕር ዳር። በሁለተኛው ያነደደው ጌታ ኢየሱስ ራሱ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ወደ ምድር ሲወጡ ፍሙ ተዘጋጅቶ፣ ዓሣ ተቀምጦበት፣ እንጀራም ነበረ። መጀመሪያ ብሉ አላቸው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ የተጠየቀው ቁርሱ ካበቃ በኋላ ነው። ከአጥቢያችን የቀሩትን ወጣቶች ስም ዝርዝር ይዘን ስንቀመጥ፣ አስቀድመን የትኛው ልጅ ማን ቤት ምሳ እንደሚጋበዝ ብንነጋገር ደስ ይለኛል። ጥያቄው ይደርሳል።