ስለ ዐይን ሞራና ስለ ሰው ሠራሹ ሌንስ

እናት ወይም አባት በዐይን ሞራ ምክንያት ለቀዶ ሕክምና በተቀጠሩ ጊዜ፣ ከልጆች አፍ ፈጥኖ የሚወጣው ቃል «ዋጋው ከፍ ያለው ሌንስ ይግባላቸው» የሚል ነው። ይልቁንም ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ገንዘቡን እልካለሁ ብሎ አጥብቆ ይናገራል። ፍቅሩ የሚመሰገን ነው፤ ዳሩ ግን ሌንስ እንደ ጋቢ በዋጋው ተመርጦ የሚበረከት ስጦታ አይደለም። ከሞራው ሌላ ሕመም ያለበት ዐይን ሲሆን፣ ውዱ ሌንስ ማየትን ሊያጐድል ይችላል።

ሞራ ማለት በዐይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ጥራቱን አጥቶ መደፍረሱ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ በስፍራው ሰው ሠራሹን ያስገባል። ይህን በመጀመሪያ የፈጸመው እንግሊዛዊው የዐይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ሲሆን፣ ጊዜው 1942 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1949)፣ ስፍራውም ለንደን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ በአብራሪዎች ዐይን ገብቶ ሳያስቈጣ መቀመጡን አስተውሎ ነበርና፣ ሌንሱን ከዚያው ዐይነት ፕላስቲክ አሠራው።

ዛሬ ሌንሱ ብዙ ዐይነት ሆኗል። አንዱ በአንድ ርቀት ላይ ያለውን ብቻ አጥርቶ የሚያሳይ ነው፤ ለቀረው መነጽር ያስፈልጋል። ሌላው፣ ዋጋው የሚበዛው፣ ብርሃኑን ከፋፍሎ ለሩቅም ለቅርብም የሚያድል ነው። ለጤናማ ዐይን ይህ መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብርሃን ሲከፋፈል የደረጃውን ጠርዝ ከወለሉ፣ ግራጫውን ከነጩ የመለየት ኃይል ይቀንሳል፤ ሌሊትም በመብራት ዙሪያ ቀለበት ሊታይ ይችላል።

ግላኮማ የማየት ነርቩን የጐዳበት ሰው ይህ የመለየት ኃይል አስቀድሞ ጐድሎበታል። የስኳር በሽታ ሬቲናውን፣ ማለት በዐይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ የጐዳበትም፣ በእርጅና የሬቲናው መካከል የደከመበትም እንዲሁ ነው። ከጐደለው ላይ እንደ ገና መቀነስ ይሆናል። ስለዚህ ሐኪሞች ለእነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ርቀቱን ይመርጣሉ፤ እኛም «ርካሹን ሰጡን» ተብሎ እንዳይታዘንበት አንባቢዎቻችንን እንለምናለን።

በአገራችን ደግሞ የዐይን ማዝ አለ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያ የተባለውን የዐይን የፊት ሽፋን ከፋቀው፣ ጠባሳው የሌንሱን ቍጥር ለመወሰን የሚደረገውን ልኬት ያሳስታል። የኮርኒያን መዛባት የሚያርም ሌንስ ቢኖርም፣ የሚያርመው አቅጣጫው የታወቀውን መዛባት ነው እንጂ በጠባሳ የተዘበራረቀውን አይደለም። ሽፋሽፍቱም ከሞራው በፊት ሊታከም ይገባል።

ባለ አንድ ርቀቱ ሲመረጥ ግን፣ ርቀቱ የትኛው ይሁን? ብዙ ቤተ ሰብ ይህን ሳይጠይቅ ያልፋል። ዘወትር ማለዳ ዳዊት የሚደግሙ ወይም ስፌት የሚሰፉ አረጋዊት ከፈለጉ፣ ሌንሱ ለቅርብ ተለክቶ ሊገባላቸው ይችላል፤ ለሩቁ መነጽር ያደርጋሉ። መንገድ የሚያዘወትሩ ሽማግሌ ሩቁን ይመርጡ ይሆናል። መልሱን የሚያውቁት ባለ ዐይኑ ራሳቸው ናቸውና ልጆች ስለ እነርሱ አይመልሱ። የገባው ሌንስ እንደ ወትሮው ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ መለወጥ ቢቻልም ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ነው።

የግላኮማ ጠብታ የሚያደርጉም ሞራው ወጣ ብለው፣ ሐኪሙ ሳያዝዝ ጠብታውን አያቋርጡ። የሞራው መውጣት የተጐዳውን ነርቭ አያድነውም።